የፍለጋው መዝገብ

ኮትካ ላይ፣ ወደቡ በረዶ ሲጋገር፣
ፓምፕ ከሚሠራበት ካረጀው ሕንፃ ሥር
ጠበብ ያለች ክፍል፣ አንድ ወንበር ሰጡኝ፤
«ራይሊ፣ የውስጥ ድራችንን አጽጂልን» አሉኝ።

ከፍቼ ብመለከት፣ የሠራተኛ ፈቃድ
መጠየቂያው ቅጽ አሥራ አራት፣ መቼ ሆኖ አንድ፤
አንደኛው «የመጨረሻ»፣
ሁለተኛው «የመጨረሻው የመጨረሻ»፣
ሌላው «አትንኩት» የሚል፣ ያለ ማስታወሻ።
የሚሠራው ቅጽ ግን፣ ማኅተም ያረፈበት፣
በሂልካ መሳቢያ፣
ከብስኩቷ በታች ተኝቶ አገኘሁት።

ድር ቢያብር ያስራል አንበሳ፣ ይባል ነበር ድሮ፤
የኛ ድር አብሮ አብሮ፣ ቀረ ራሱን አስሮ።

ሥራ አስኪያጁ ታኔሊ ሰሌዳ ላይ ሣለ፤
«ከላይ ራእያችን፣ ከሥሩ ዜናችን» አለ፤
መሐሉ ላይ የራሱን ፎቶ አንጠለጠለ።
«ሰው ጠዋት ሲገባ ዓይኑ እዚህ ይረፍ» ሲል
ራሴን ነቀነቅሁ።
ማታ፣ ሁሉም ሲሄድ፣ መዝገቡን አወጣሁ፤
ሰው በመፈለጊያዋ፣ በዚያች ነጭ ሣጥን፣
ምን ብሎ እንደ ጻፈ፣ ምን እንዳጣ፣ ምን ምን።

«ራእይ» ያለ የለም።
«ምሳ» ያለ ሞልቷል። «ዛሬ ምሳ ምንድን ነው»።
«ደመወዝ»። «ደሞዝ»። «ደመዝ»። ሰው ሲቸግረው
ገንዘቡን አይረሳም፣ ፊደሉን ነው የሚረሳው።
«ማተሚያው ወረቀት በላ»።
«የታኔሊ አለቃ ማነው»።
ይኼን ሳነብ ሳቅሁ፣ ብቻዬን፣ በጨለማው።

ከዚያ ሳቄ ቆመ።
«ስድስት ቁጥር ስታፈስ»። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ሰባት ጊዜ በተከታታይ፣ ከአንድ ማሽን፣ ከአንድ ጣት።
ሰባት ጊዜም መልሳችን፣ «ምንም አልተገኘም»።
ስምንተኛው ላይ ግን ጥያቄው ተለወጠ፤
«ኦስሞ» ተብሎ ተጻፈ፣
ገጽም ተገለጠ።

ኦስሞ ኬቱነንን ኅዳር ላይ ነው የቀበርን፤
መሬቱ ብረት ሆኖ፣ መቆፈሪያ ተከራየን።
ገጹ ላይ ግን ዛሬም አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤
«በሥራ ላይ» ይላል።
«ስለ እኔ» ከሚለው ሥር፣ ሰው ስለ ልጁ፣ ስለ ውሻው
በሚያወራበት ቦታ፣ የሱ ጽሑፍ ይኸው፦
«ስድስት ቁጥር ስታለቅስ፣ የላይኛዋን ብሎን
ሩብ ዙር ወደ ግራ።
አታጥብቋት፤ ማጥበቅ ይብስባታል።
ከዚያ ጥቂት ጠብቁ።»
ስለ ራሱ የነገረን ይኸው ነው በሙሉ።

ደንቡ ደግሞ ያዛል፦
የሌለ ሰው ገጽ በወሩ መጨረሻ ይሰረዛል።

አንድ ሌሊት ወረድሁ። ሚስካ ይባላል ልጁ፤
ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ዘይት ነክሮታል እጁ፤
ጓንቱን በጥርሱ አወለቀ።
«ትወደው ነበር?» አልሁት።
«እዚያ ነው የተጻፈው» አለኝ።
ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጠየቅሁት።

እንደ ደንቡ ሠራሁ። አዲስ ገጽ ከፈትሁ፤
ታኔሊ «የፍሳሽ አያያዝ መመሪያ» ያለውን ሰረዝሁ፤
ሚስካ በጻፈው ቃል፣ «ስድስት ቁጥር ስታፈስ» አልሁ።
ባለቤት፦ ሚስካ። የሚታረምበት ጊዜ፦ በየስድስት ወሩ።
ከዚያ የኦስሞን ገጽ አጠፋሁ።

ወሩ አልፎ እንደገና መዝገቡን ሳወጣ
«ስድስት ቁጥር» ሁለቴ፣ ሁለቴም መልስ መጣ።
ደስ አለኝ። ዝቅ እያልሁ በጣቴ ተከተልሁ፦
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ «ኦስሞ»። «ምንም አልተገኘም»።
በማግስቱ፣ «ኦስሞ»።
በማግስቱም።
ያን ሳምንት ስድስት ቁጥር ጠብታም አልወጣት።

አሁን ያን ስም የሚጽፍ አንዲት ገጽ ያገኛል፤
ፎቶ የላትም፣ ነጥብም አይበራባት፣
ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ ከዚያ ጥቂት ጠብቁ፣
ይኸው ነው ያለባት።

ታኔሊ ሪፖርቱን በቀይ አስምሮ ላከልኝ፦
«ይህ ገጽ ባለቤት የለውም። ማን ልበል?» አለኝ።
«የሌሊት ፈረቃ» ብዬ ሞላሁለት።